መንዙማችሁን ለጀመዓ ከማቅረባችሁ በፊት

(ለመስጊዱ ወጣቶች የተደረገ ንግግር፤ ለዚህ መታሰቢያ መጽሔት በጽሑፍ የተዘጋጀ)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና የዓለማት ጌታ ለሆነው ለአላህ ይሁን። ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሐቦቻቸው ላይ ይውረድ።



ከጀመዓችን ወጣቶች መካከል መንዙማ የሚደርሰው፣ ነሺዳ የሚገጥመው፣ በዒድ ቀን ግጥም የሚያነበው፣ ለመድረሳ ልጆች ታሪክ የሚጽፈው ቁጥሩ ቀላል አይደለም። ይህ ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው። እኔ አሁን የምናገረው ስለ ተሰጥዖ አይደለም፤ እርሱን አላህ ለፈለገው ይሰጣል። የምናገረው ሥራው ተጽፎ ካለቀ በኋላ፣ ነገር ግን ሕዝብ ጆሮ ከመግባቱ በፊት ስላለችው ጊዜ ነው። ብዙዎቻችን ይህችን ጊዜ እንደ ሸክም እንቆጥራታለን። የመጨረሻውን ቤት እንደመታን ስልካችንን አንሥተን ድምፃችንን እንቀዳለን፣ እንልካለን፤ የሱብሒ አዛን ሳይሰማ የሌሊቱ ሥራ ከአዲስ አበባ ደሴ፣ ከደሴ ጅዳ ደርሶ ያድራል። ቀድሞ በካሴት ዘመን መንዙማ ለሕዝብ እስኪደርስ ገንዘብ ይፈለግለታል፣ ቀራጭ ይፈለግለታል፣ ቀን ይቆረጥለታል። በዚያ መካከል ሥራው በስንት ሰው ፊት ይባል ነበር። የሚስተካከለውም ብዙ ጊዜ በዚያን ጊዜ ነበር። ዛሬ ያ መጠባበቂያ ጠፍቷል፤ ስለዚህ መጠባበቂያውን ራሳችሁ መሥራት አለባችሁ ማለት ነው።

ስለ ድቤና ጭብጨባ፣ ስለ መውሊድም ቢሆን በዑለማዎች መካከል ያለውን ክርክር በዚህ አጭር ቃል ልፈታው አልሞክርም፤ የፊቅህ ሰዎች ጉዳይ ነው። በየትኛውም ወገን የቆመ ሰው ግን በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ስም የሚነገር ቃል እውነት መሆን እንዳለበት አይከራከርም። ሆን ብሎ በእርሳቸው ላይ የዋሸ ሰው መቀመጫው እሳት እንደሆነ የሚያስጠነቅቀው ሐዲስ እጅግ በብዙ ሶሐቦች በኩል የተላለፈ ስለሆነ፣ በትክክለኛነቱ ላይ የሐዲስ ሰዎች አልተጠራጠሩም። ገጣሚ ከዚህ ማስጠንቀቂያ ነፃ ነው ያለ የለም።

ቡኻሪ የዘገቡትን አንድ ታሪክ ላስታውሳችሁ። በመዲና ሩበይዕ ቢንት ሙዐዊዝ (ረ.ዐ) ባገባች ማግሥት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ ቤቷ ገብተው ተቀመጡ። ልጃገረዶች ዱፍ እየመቱ በበድር ዕለት የወደቁባቸውን አባቶቻቸውን እያነሡ ያዜሙ ነበር። ከመካከላቸው አንዷ እርሳቸውን ባየች ጊዜ ግጥሙን ወደ እርሳቸው አዞረችና፣ ነገ የሚሆነውን የሚያውቅ ነቢይ በመካከላቸው እንዳለ አድርጋ አዜመች። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ይህንን እንድትተውና ቀድሞ ትለው የነበረውን እንድትቀጥል ነገሯት።

እስቲ ልብ በሉት። ዱፉ አልተቀማም፤ ልጅቷም አልተሰደበችም፤ ሠርጉም አልተበተነም። የወጣው አንድ ስንኝ ነው። ያ ስንኝ ደግሞ አስቀያሚ ስለነበረ የወጣ አይመስለኝም፤ ከፍቅር የመነጨ ነውና ምናልባት ከሁሉ የሞቀው እርሱ ነበር። የሩቁን ምስጢር ማወቅ ግን የአላህ ብቻ ነው። በእኛም መንዙማ ውስጥ ችግር የሚመጣው ብዙ ጊዜ በቀዘቀዘው ስንኝ በኩል አይደለም። የቀዘቀዘውን ማንም ይተወዋል። የሚያሰጋው ሰውነት የሚያስነዝረው፣ ተቀባዩ ሦስቴ አራቴ ድገመው የሚለው ስንኝ ነው። እርሱን ነው አስቀድሞ መመርመር።

አሁን ወደ ራሳችን ሰው ልምጣ። ቢላል ኢብኑ ረባሕ (ረ.ዐ) ያልተጠራበት የሀበሻ መንዙማ ጥቂት ነው። ስለ እርሱ ከሚደጋገሙት ታሪኮች አንዱ ይኸውላችሁ። ቢላል የ«ሸ»ን ድምፅ ማውጣት ይሳነው ስለነበር በአዛን ላይ «አሽሀዱ» በማለት ፈንታ «አስሀዱ» ይል ነበር፤ ሰዎችም ባጉረመረሙ ጊዜ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የቢላል «ሲን» በአላህ ዘንድ «ሺን» ሆና እንደምትቆጠር ተናገሩ ይባላል። ታሪኩ ያምራል። ለግጥምም ይመቻል፤ «ሲን»ና «ሺን» ራሳቸው ቤት ይመታሉ። በሰርግ ቤት ሲባል እናቶች ያለቅሱበታል።

ነገር ግን የሐዲስ ሊቃውንት ይህንን መርምረውታል። በ742 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት የደማስቆው ሊቅ አል-ሚዚ ነገሩ በሕዝብ አፍ የሚወራ እንጂ በኪታቦች ውስጥ ያላገኙት መሆኑን ገልጸዋል። ተማሪያቸው ኢብኑ ከሢርም መሠረት የለውም ብለዋል። ከዚህ ይልቅ መሠረት ያለው ተቃራኒው ነው። የአዛኑን ቃላት በሕልሙ ያየው ዐብዱላህ ኢብኑ ዘይድ (ረ.ዐ) ሕልሙን በነገራቸው ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከቢላል ጋር ቆሞ ቃላቱን እንዲያቀብለው አዘዙት፤ ምክንያቱንም ሲነግሩት የቢላል ድምፅ ከእርሱ ድምፅ የተሻለ መሆኑን ጠቀሱለት። እንግዲህ ቢላል ሙአዚን የሆነው ድምፁ ተመዝኖ፣ ከሌላ ሰው ጋር ተነጻጽሮ፣ በልጦ በመገኘቱ ነው። ተወልዶ ያደገውም በዐረቦች መካከል ስለሆነ ቋንቋው ባዕድ አልነበረበትም።

አሁን ያንን ያማረ ታሪክ እንደገና ተመልከቱት። የተመረጠበትን ነገር ነጥቀን፣ ያልነበረበትን ጉድለት ሰጥተነዋል። ሌላው ሕዝብ እንዲህ ቢል አላወቀም ይባላል፤ የቢላል ዘመድ ነኝ የሚለው ሀበሻ ግን በገዛ መንዙማው ቢላልን አንደበተ ጎልዳፋ አድርጎ ለልጆቹ ሲያወርስ ያሳዝናል። የመድረሳ ልጅ ደግሞ ስለ ሶሐቦች የሚያውቀውን አብዛኛውን ነገር ያገኘው ከኪታብ አይደለም፤ እናቱ ቡና ስታፈላ ካንጎራጎረችው ነው። በዜማ የገባን ነገር በትምህርት ማውጣት እንዴት እንደሚያስቸግር ያስተማረ ሁሉ ያውቀዋል።

አንዳንድ ሰው፣ «ታሪኩ እኮ አንደበቱ የሚተሳሰር ልጅን ያጽናናል፤ ቢቀር ምን ይጠቅማል?» ይል ይሆናል። ጥያቄው የዋዛ አይደለም። ለዚያ ልጅ ግን ከዚህ የተሻለ አለለት። ቁርአንን እየከበደውና እየተንተባተበ የሚያነብ ሰው ሁለት ምንዳ እንዳለው በትክክለኛ ሐዲስ ተዘግቧል። ነቢዩላህ ሙሳም (ዐ.ሰ) የምላሳቸውን መተሳሰር አላህ እንዲፈታላቸው መለመናቸው በቁርአን ውስጥ አለ። ይህንን ይዞ የሚነሣ ገጣሚ ልጁንም ያጽናናል፣ ቢላልንም ከነድምፁ ይተውለታል። አንድ ሐሰት ከሥራችሁ ባወጣችሁ ቁጥር በቦታው የሚገባ እውነት ፈልጉ፤ ሁልጊዜ በሚባል ደረጃ አለ። የሚያስፈልገው ኪታብ ቤት ሄዶ አንድ ከሰዓት መቀመጥ ብቻ ነው።

ይህ ምርመራ ለጀማሪ ብቻ የተወሰነ እንዳይመስላችሁ። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ባለቅኔ የተባለው ሐሳን ኢብኑ ሣቢት (ረ.ዐ) የቁረይሽ ሰዎች ለሰደቡበት ግጥም መልስ ሊሰጥ በተነሣ ጊዜ፣ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንዳይቸኩል ነገሩት። እርሳቸውም የቁረይሽ ዘር ስለሆኑ ዘራቸውን ከተሰዳቢዎቹ ለይቶ እንዲያሳየው፣ የቁረይሽን የዘር ሐረግ ከሁሉ አብልጦ ወደሚያውቀው ወደ አቡበክር (ረ.ዐ) ላኩት። ሐሳን ሄዶ ተምሮ ተመለሰና ከሊጥ ውስጥ ፀጉር እንደሚመዘዝ አድርጎ እርሳቸውን ከመካከላቸው እንደሚያወጣቸው ቃል ገባ። ሙስሊም ዘግበውታል። በዚያ ዘመን ከሐሳን የበለጠ ቃል የሚያውቅ ማን ነበር? ይሁን እንጂ ቃል ማወቅና ነገሩን ማወቅ የተለያዩ ናቸው። አቡበክር ገጣሚ ተብለው አልታወቁም፤ የተፈለጉት ስለ ዜማው ሳይሆን ስለ ሐረጉ ነው። እናንተም የምትጠይቁት ሰው መንዙማ አዋቂ እንዲሆን አያስፈልግም። ስለ ነጃሺ ከገጠማችሁ የሲራ ሰው ፈልጉ፤ ስለ ዘካ ከገጠማችሁ የፊቅህ ሰው ፈልጉ።

አሠራሩም ቀላል ነው። ግጥማችሁን በወረቀት ላይ ሰፋ አድርጋችሁ ጻፉት። ታሪክ ወይም ሐዲስ በያዘው በእያንዳንዱ ስንኝ አንጻር በእርሳስ ከየት እንዳገኛችሁት አስቀምጡ፦ ከዚህ ኪታብ፣ ከእገሌ ደርስ፣ ወይም «ሲባል ሰማሁ»። «ሲባል ሰማሁ» የሚለው ሲበዛባችሁ ትደነግጣላችሁ። መደንገጡ ጥሩ ነው። ከዚያ ወረቀቱን ይዛችሁ ወደ ኡስታዛችሁ ሂዱ። እርሳቸውም ቢሆኑ «ይህ ደካማ ነው» ወይም «ይህ የተቀጠፈ ነው» ሲሉ የሁለቱ ልዩነት ምን እንደሆነ ጠይቋቸው፤ አንዱን ለማውጣት ሌላውን ለማስተካከል ይረዳችኋል።

ቀጥሎ ያለው የፊደል ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የጥንት የወሎ መሻይኾች፣ ለምሳሌ እንደ ሼኽ ጠልሓ ቢን ጀዕፈር ያሉት፣ የአማርኛውን መንዙማ የጻፉት በዐጀም፣ ማለትም በዐረብኛ ፊደል ነበር። በዚያ አጻጻፍ የዐረብኛው ቃል በመካከል ሲገባ ከነመልኩ ይቀመጣል። እኛ አሁን በግዕዝ ፊደል ስንጽፍ ብዙ ድምፆች በአንድ ላይ ይወድቁብናል። «ዐሊም» ዐዋቂ ማለት ነው፣ ከአላህ ስሞችም አንዱ ነው፤ «አሊም» ግን የሚያሠቃይ ማለት ነው፣ በቁርአን ውስጥ ለቅጣት መግለጫ ይውላል። ለአማርኛ ጆሮ ሁለቱ አንድ ናቸው። «ኻሊቅ» ፈጣሪ ነው፤ ጉሮሮውን አላልቶ «ሓሊቅ» ያለ ሰው ጠጉር ላጪ ብሏል። «ቀልብ» ልብ ሲሆን «ከልብ» በዐረብኛ ውሻ ነው። መቼም የእኛ ነገር ሆኖ «ከልብ» በአማርኛ ደግሞ ጥሩ ቃል ነው፤ «ከልብ እወድሃለሁ» ብሎ የገጠመ ልጅ ዐረብኛ በሚሰማ ሰው ፊት አንድ ጊዜ ፈገግታ ቢያስነሣ አይቀየም። ለማንኛውም መድኃኒቱ አንድ ነው፦ ዐረብኛ የምታውቁ ብትሆኑም ባትሆኑም፣ ተጅዊድ ለተማረ ሰው ዐረብኛ ያለባቸውን ስንኞች ብቻ ለይታችሁ አሰሙት።

የአማርኛውም ፊደል ቢሆን ማጥበቅና ማላላትን አያሳይም። «አለ» ሲላላ ተናገረ ነው፣ ሲጠብቅ ይገኛል ነው። በግጥማችሁ ውስጥ «ነቢዩ አለ» የሚል ካለ፣ ወረቀቱን ሌላ ሰው ሲያነብ የትኛውን ያነባል? እናንተ ስትጽፉት በልባችሁ ውስጥ ያለው ድምፅ ስለሚመራችሁ ጥርጣሬው አይታያችሁም። (በነገራችን ላይ ለነቢዩ «አሉ» ማለት ሲገባ ቤት ለመምታት ብሎ «አለ» ማለት በራሱ ጥሩ አደብ አይመስለኝም።)

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ግን «አንተ» የምትለዋ ቃል ናት። በአማርኛ አላህን በዱዓችን «አንተ» እንላለን። ነቢዩንም (ሰ.ዐ.ወ) በፍቅር «አንተ» የሚል ገጣሚ ብዙ ነው። አንድ መንዙማ በአላህ ምስጋና ይጀምርና በሦስተኛው ቤት ወደ ነቢዩ ይሻገራል፤ በሰባተኛው ይመለሳል፤ ግሡ ግን ሁሌም «ትሰጣለህ፣ ትምራለህ፣ ታድናለህ» እያለ ይሄዳል። ገጣሚው የትኛውን ለማን እንዳለ ያውቃል። አዳማጩ ግን አያውቅም፤ ወንጀል መማርን ለአላህ ወይስ ለመልእክተኛው እንደሰጠ ሳይለይ አብሮ ይቀበላል። በሩበይዕ ሠርግ ላይ የወጣው ስንኝ ያነሣው ጉዳይ ይህ ነው። ስለዚህ በየ«አንተ»ው ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጉና «ይህ ማን ነው?» ብላችሁ ለራሳችሁ መልሱ። መልሱ ከስንኙ ውስጥ የማይታይ ከሆነ፣ መሻገሪያው ላይ ስሙን ጥሩ። ቤት ካልመታ ቤቱን ቀይሩት።

ወደ ጆሮው ልሂድ። ሐድራ ያየ ሰው እንደሚያውቀው መንዙማ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም፤ አውጪ አለ፣ ተቀባይ አለ። ግጥሙ በአውጪው አፍ ያማረ ሆኖ ሳለ አዝማቹ ከተቀባዩ አፍ የማይገባ ከሆነ ሥራው አልተሠራም። ይህንን ለመፈተን አራት አምስት ሰው ይበቃል። ወረቀት አትስጧቸው። አዝማቹን ሁለት ጊዜ በሉላቸውና በሦስተኛው ዝም በሉ። ይዘውት ከሄዱ ይዟል። ከተሰናከሉ የት ላይ እንደተሰናከሉ ስሙ፤ ሁሉም በአንድ ቦታ ከተሰናከሉ ጥፋቱ የስንኙ ነው፣ ቃል በዝቶበታል ወይም እረፍቱ ያለቦታው ወድቋል። «እናንተ አልጎበዛችሁም» ብሎ መቆጣት ከንቱ ነው፤ ሕዝቡም እንደ እነርሱ ነው።

ከዚህ በተቃራኒ ያለው ፈተና ዜማውን አውልቆ ማየት ነው። ጥሩ ዜማና ጥሩ ድምፅ ባዶ ስንኝን ይሸፍናሉ፤ ድቤ ሲጨመርማ ጭራሽ አይታይም። ግጥሙን እንደ ደብዳቤ በተራ ድምፅ፣ በቀን ብርሃን ለራሳችሁ አንብቡት። ያን ጊዜ ቤት ለመምታት ብቻ የገባው ቃል፣ ሦስት ጊዜ የተደገመው ሐሳብ፣ ትርጉም የሌለው ማሟያ ብቅ ብቅ ይላል። ቀጥሎም ለሌላ ሰው ሰጥታችሁ አስነብቡት። ዐብዱላህ ኢብኑ ዘይድ ያየውን ለቢላል ሲሰጥ ቃሉ ከእርሱ አፍ ወጥቶ በሌላ አፍ ቆመ፤ የእናንተም ሥራ በሌላ አፍ መቆም አለመቆሙን ሳታዩ አትልቀቁት።

ማንን ነው የምትጠይቁት? ጓደኛችሁን አይደለም፤ ወይም ጓደኛችሁን ብቻ አይደለም። በእኛ ሀገር «እንዴት ነው?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ የታወቀ ነው፤ «ማሻአላህ» ይላችኋል። ማሻአላህ መልካም ቃል ነው፣ ዱዓም ነው፣ ግን ሒስ አይደለም። ይሉኝታ ያለበት ሰው ፊት ለፊት ጉድለት አይነግራችሁም፤ ጠያቂው የሼኽ ልጅ ወይም የኮሚቴ አባል ከሆነማ ጭራሽ አይታሰብም። ስለዚህ ጥያቄውን ቀይሩት። አንብባችሁ ስትጨርሱ «ምን ያዝክ?» በሉት። «ስለ ማን ነው የሚናገረው?» በሉት። «ከሁሉ የቱን ረሳኸው?» በሉት። ለእነዚህ በማሻአላህ መመለስ አይቻልም።

በእኔ ግምት ከሁሉ የሚሻሉት ዳኞች ዐረብኛ የማያውቁ በዕድሜ የገፉ እናቶች ናቸው። መንዙማ ሲሰሙ ኖረዋል፤ ጆሯቸው ሚዛን ነው። የማይገባቸው ቃል ሲመጣ ፊታቸው ላይ ታዩታላችሁ፤ የተለመደ ስንኝ ከሌላ ሰው ሥራ ቀድታችሁ እንደሆነም «ይቺን የት ነበር የሰማኋት?» ብለው ያሳፍሯችኋል። ከእነርሱ ቀጥሎ የዘጠኝ ዓመት ልጅ። ልጅ ሲሰለቸው ተነሥቶ ይሄዳል፤ ይሉኝታ ገና አልገባበትም። ለወንዶች ብቻ አንብባችሁ ከመለሳችሁ ግማሹን ጀመዓ አልጠየቃችሁም ማለት ነው። በዚያ ሠርግ ዱፍ ይዘው የነበሩትም ልጃገረዶች መሆናቸውን አትርሱ።

ይህ ሁሉ እንግዳ ነገር አይደለም። ከእናንተ ውስጥ ቁርአን በሉሕ ላይ የቀራ ሁሉ ሠርቶታል። ደረሳው የጻፈውን ለሼኹ ሳያሰማ ሉሑን አያጥብም። አሰምቶ፣ ታርሞ፣ እንደገና አሰምቶ ነው ወደሚቀጥለው የሚያልፈው። በአላህ ቃል ላይ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ልጅ፣ አድጎ በራሱ ቃል ላይ ሲሆን ማሰማት ለምን እንደሚከብደው አይገባኝም። ይልቁንም የራሱ ቃል ነው ስሕተት የሚበዛበት።

የኢማሙ ሻፊዒይ (በ204 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት) «ሪሳላ» የተባለው ኪታብ እስከ ዛሬ የኡሱል መሠረት ነው። ተማሪያቸው አል-ሙዘኒ ይህንን ኪታብ በፊታቸው ሰማንያ ጊዜ እንዳነበቡትና በእያንዳንዱ ንባብ የሚታረም ነገር ይገኝበት እንደነበረ ይተረካል፤ በመጨረሻም ኢማሙ ከአላህ ኪታብ በቀር ከስሕተት የጠራ ኪታብ እንደማይኖር ተናግረው እንዲበቃ አደረጉ። ከዚህ ታሪክ ሰዎች ሰማንያውን ብቻ ይዘው ይደነቃሉ። እኔ ግን ማብቃቱም ይገርመኛል። ሻፊዒይ ሰማንያ አንደኛ ጊዜም ስሕተት እንደሚገኝ እያወቁ ኪታቡን ለሰው ለቀቁት። ከእናንተ መካከል ደግሞ በተቃራኒው የሚጨነቅ ይኖራል፤ ደብተሩ ሞልቶ አንድም ስንኝ ለሰው አሰምቶ የማያውቅ፣ ሁልጊዜ «ገና ነው» የሚል። ለእርሱ ይህ ታሪክ ከሌላው ይልቅ ይጠቅመዋል። የሃይማኖቱ ጉዳይ ከጸዳ፣ ተቀባዩም አዝማቹን ከያዘ፣ የቀረው የውበት ነገር ነውና ይልቀቀው።

ምን ያህል ይቆይ ለሚለው ልክ የለውም። ከእስልምና በፊት የነበረው የዐረብ ባለቅኔ ዙሀይር ረዣዥም ግጥሞቹን አንድ ዓመት ሙሉ ያቆያቸው እንደነበረ ይተረካል፤ አራት ወር ይገጥማል፣ አራት ወር ያርማል፣ አራት ወር ለሌሎች ገጣሚዎች ያሳያል። ስለዚህም ሥራዎቹ «ሐውሊያት»፣ ማለትም የዓመት ግጥሞች ተባሉ። እኛ ዓመት አንችልም፤ ዒዱ ይደርስብናል። ግን ከጁሙዓ እስከ ጁሙዓ ማቆየት የማይችል የለም። ሌሊት የተገጠመ ሁሉ ሌሊት ያምራል። ደብተሩን ዘግታችሁ ሥራችሁን ሥሩ፣ ገበያችሁን ገብዩ፣ በሳምንቱ ስትከፍቱት የሌላ ሰው ሥራ መስሎ ይታያችኋል፤ የሌላ ሰው ስሕተት ደግሞ ለሁላችንም ቶሎ ይታየናል።

አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል፤ የራሳችሁን ሳይሆን የቀድሞ መሻይኾችን ሥራ ወደ አደባባይ ስለምታወጡት ነው። ይህ ሥራ በዚህ ዘመን በርትቷል፣ መበርታትም አለበት፤ የሚያውቁት አዛውንት በየጊዜው እየተለዩን ነው። የአንድ መንዙማ ቃል ከመንደር መንደር፣ ከአውጪ አውጪ ይለያያል። ከአንድ ካሴት ላይ ሰምቶ በግዕዝ ፊደል ጽፎ በሼኹ ስም ማሠራጨት፣ ሼኹ ያላሉትን ማስባል ሊሆን ይችላል፤ የሞተ ሰው ደግሞ «አላልኩም» አይልም። ለዚህ የጥንት ገልባጮች መንገድ አላቸው፤ ሙቃበላ ይባላል። ኪታቡ ተገልብጦ ሲያልቅ አንዱ ዋናውን ይዞ ያነባል፣ ሌላው ግልባጩን እየተከተለ ያርማል። የሐዲስ ጸሐፊዎች በየሐዲሱ መጨረሻ ትንሽ ክብ ይሠሩና፣ ያ ሐዲስ ከዋናው ጋር ተነጻጽሮ ሲያልቅ በክቡ ውስጥ ነጥብ ያደርጉ ነበር። ነጥብ የሌለው ክብ ያየ አንባቢ ያ ክፍል ገና እንዳልታየ ያውቃል። እናንተም ቢያንስ ሁለት አውጪ፣ ከተቻለም የዐጀሙን ጽሑፍ አግኝታችሁ አነጻጽሩ፤ በተለያዩበት ቦታ አንዱን መርጣችሁ ሌላውን አትደምስሱ፣ በግርጌ አኑሩት።

ክቡንና ነጥቡን ለራሳችሁም ሥራ ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ። በየቤቱ መጨረሻ ትንሽ ክብ ሥሩ። ኡስታዙ ያዩትን ቤት ነጥብ አድርጉበት። በወረቀቱ ግርጌ ማን እንደሰማው፣ በየትኛው ቀን እንደተሰማ ጻፉ። ለሚቀጥለው ዒድ ሥራ የምታቀርቡ ወጣቶች በዚህ መልክ ያለቀውን ወረቀት ይዛችሁ ከዐስር ሶላት በኋላ በመድረሳው ክፍል ብትመጡ፣ ሰሚ ይኖራል፤ እናቶችም እንዲገኙ ይጠየቃሉ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።